የሐይቅ ቆሮሶ በብርቱካን ሶስ ከሩዝ ጋር፦ የሥራ ቀን ራት ማስታወሻ

የተያዘው ሥራ ይህ ነው፦ ከሥራ መልስ ለአራት ሰው የሚበቃ ራት በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ ማዕድ ላይ ማድረስ። ምግቡ የቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) ፊሌቶ ነው፤ በላዩ የሚያብለጨልጭ የብርቱካንና የማር ሶስ፣ ከጎኑ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ሩዝ። ቦታው ደሴ። ምድጃው ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ከሄደ ከሰል ይተካዋል። ሁለት ምድጃ ያለው ሰው ሃያ ደቂቃ ያተርፋል፤ እኛ ግን የምንጽፈው አንድ ምድጃ ላለው ቤት ነው፣ የሚበዛው እሱ ነውና።

አስቸጋሪው ነገር የምግቡ አሠራር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ነው። ሩዝ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ዓሣ ቶሎ ይበስላል፣ ስኳር ያለው ሶስ ደግሞ ከሁለቱም ቀድሞ ያርራል። ሦስቱን በየተራ ይዞ በመጨረሻው ሁለት ደቂቃ ማገናኘት ነው ሥራው። ስለዚህ ከታች እያንዳንዱን ክፍል በየቀኑ ለየብቻው እናያለን፤ ቅዳሜ ሁሉንም በአንድ ላይ እንሠራለን።

ወሎ ውስጥ ይህን ራት የምንወድበት ሌላም ምክንያት አለ። ሥጋ ሲሆን የክርስቲያንና የእስላም እየተባለ ማዕዱ ይለያያል። ዓሣ ግን ባራኪ አይፈልግም፤ ጎረቤት ከጎረቤት አንድ ትሪ ከቦ ይበላዋል። በጾም ቀን ዓሣ የሚበላም የማይበላም ቤት ስላለ እሱን ለየቤቱ እንተወዋለን። እዚህ ግን ቅቤ ሳይገባ ሁሉም በዘይት ነው የሚሠራው።

ሰኞ፦ ሩዙ

ከዓሣው በፊት ሩዙ ይፈተሽ ተባለ። ደጋ ላይ ይህን ራት የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ዓሣው ሳይሆን ሩዙ ነው። እሽጉ ላይ ለ1 ብርጭቆ ሩዝ 1 ተኩል ብርጭቆ ውሃና 15 ደቂቃ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ልኬት ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ኮምቦልቻ ሲወረድ 94 ይጠጋል። ድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እሳት መጨመር ውሃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሩዙን ቶሎ አያበስለውም። በእሽጉ ልክ የተጣደ ሩዝ እዚህ ሲወጣ ላዩ የለሰለሰ፣ መሃሉ ጥሬ፣ ሥሩ ደግሞ ድስቱን የያዘ ይሆናል።

ለአራት ሰው የሚሆነው ልክ፦ ረጅም ፍሬ ያለው ሩዝ (ባስማቲ ወይም እሱን የመሰለ) 2 የውሃ ብርጭቆ። ብርጭቆው 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ ሩዙ 340 ግራም ገደማ ይመዝናል። ብርጭቆው የትኛውም ቢሆን ግድ የለም፤ ብቻ ሩዙም ውሃውም በአንድ ብርጭቆ ይለካ። ሩዙ ውሃው እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠብ፤ ውሃውን የሚያነጣው ስታርች ነው፣ ካልወጣ ሩዙን ያጣብቀዋል። ከዚያ 20 ደቂቃ ይዘፍዘፍና በወንፊት በደንብ ይጠንፈፍ። ሲዘፈዘፍ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ስለሚጠብቅ በ92 ዲግሪም ቢሆን መሃሉ ድረስ ይበስላል። መዘፍዘፉን ያስቀረ ሰው ሰባት ስምንት ደቂቃና ግማሽ ብርጭቆ ውሃ መጨመር አለበት።

ለተዘፈዘፈው ሩዝ ደሴ ላይ የያዘው ልክ 4 ብርጭቆ ውሃ ነው። ኮምቦልቻ ላይ 3 ተኩል ይበቃል። የፎገራ ሩዝ ከሆነ ፍሬው አጠር ብሎ ክብ ስለሆነና በባሕርዩ ስለሚጣበቅ ደሴ ላይም ከ3 ተኩል እንዳይበልጥ። ጣዕሙ ለዚህ ሶስ በጣም ይስማማል፤ ግን ዘርዘር ብሎ እንዲወጣ አይጠበቅበት።

አሠራሩ፦ ከባድ ሥር ያለው ድስት ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉና አንድ ትንሽ ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጋችሁ አቁላሉ። ሽንኩርቱ እንዳይቀላ፣ ልስልስ ሲል ይበቃዋል። ሁለት ፍሬ ኮረሪማ ፈልፍላችሁ ጨምሩ፤ የጠነፈፈውን ሩዝ ገልብጡና ፍሬው ሁሉ ዘይት እስኪነካው ሁለት ደቂቃ አገላብጡ። የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለውን ድስት መልሶ ያበርደዋል፣ አምስት ደቂቃም ይበላል። ጨው 1 የሻይ ማንኪያ። እንደገና ሲፈላ አንድ ጊዜ ብቻ አማስሉት፤ እሳቱን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ክደኑ። ከዚህ በኋላ ማማሰያ አይገባም። የተማሰለ ሩዝ ይሰበርና ስታርቹን ይለቃል።

20 ደቂቃ ሲሆነው ይውረድ። ሲከፈት ውሃው ከላይ አይታይም፤ ሩዙ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ጥቂት ፍሬ አውጥቶ በጥርስ መሞከር ነው። መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የፈላ ውሃ ዙሪያውን ረጭታችሁ አምስት ደቂቃ ጨምሩ። ክዳኑ ሥር ንጹሕ ፎጣ ዘርጉና ድስቱን በጋቢ ወይም በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ፎጣው እንፋሎቱን ስለሚጠጣ ጠብታ ሩዙ ላይ አይወድቅም፤ ጋቢው ደግሞ ድስቱን ከግማሽ ሰዓት በላይ ትኩስ አድርጎ ያቆየዋል። በአንድ ምድጃ ሦስት ነገር መሥራት የተቻለው በዚህ ነው። ሩዙ ጋቢ ውስጥ ሆኖ እየጨረሰ ምድጃው ለሶሱ ይለቀቃል።

ማክሰኞ፦ ዓሣው

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ዓሣ በዚያው ቀን ደሴ ይደርሳል። ቆሮሶው የሐይቁ የጥንት ነዋሪ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ጫጩቱ ተጥሎበት ነው የተራባው። ከጎኑ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅም ዓሣ ይመጣል።

ለዚህ ራት ቆሮሶ የሚመረጠው ሥጋው ነጭና ለስላሳ፣ ጣዕሙም ገር ስለሆነ ነው፤ ብርቱካኑን አይጋፋም። አምባዛ ይሆናል፣ ነገር ግን ወፍራምና ቅባት ያለው ስለሆነ ሰዓቱ ይለወጣል (ዓርብን ተመልከቱ)። ካርፕ ለዚህ አይሆንም። በሥጋው መካከል የተበተኑ ባለ ሹካ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት፤ ሶስ ከተቀባ በኋላ አይታዩም፣ ልጅ ላለበት ቤትማ ጭራሽ። ካርፕ ወጥ ይሠራበት።

ሲገዛ የሚታየው፦ ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ በጣት ሲጫን ተመልሶ የሚሞላ ሥጋ። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ ወይም ዓይኑ ከሰመጠና ከደፈረሰ ይለፍ። ሎሚና ብርቱካን የቆየ ዓሣን ሽታ አይሸፍኑም፤ እንዲያውም ጣፋጩ ነገር ሽታውን ያጎላዋል።

350 እስከ 400 ግራም የሚመዝኑ አራት ቆሮሶ ይበቃሉ። ከአንድ ቆሮሶ ፊሌቶ ሆኖ የሚወጣው ከሙሉ ክብደቱ ሲሶ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ከአራቱ ስምንት ቁራጭ፣ በድምሩ 500 ግራም ገደማ ይገኛል። ሻጩን «ፊሌቶ አድርግልኝ» ካሉት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያወጣዋል። ራሱንና አከርካሪውን አስጠቅልላችሁ ውሰዱት፤ ለሾርባ ከዚህ የተሻለ የለም።

ቤት የሚያወጣ ሰው የጀርባውን ክንፍ ይጠንቀቅ፤ እሾሁ ወደ ኋላ ስለተኛ ከጭራ ወደ ራስ በእጅ የዳበሰ ይወጋል። ቢላዋው ከራሱ ጀርባ ገብቶ አከርካሪውን እየተጠጋ ወደ ጭራ ይሄዳል። ፊሌቶው ከወጣ በኋላ ቆዳው ወደ ታች ሆኖ ይዘርጋ፤ የጭራውን ጫፍ ጨው በነካው ጣት ይዞ ቢላዋውን በቆዳውና በሥጋው መካከል አጋድሞ መግፋት ነው። ቀጥሎ በፊሌቶው መሃል ከራስ በኩል ጣት ሲያልፍ የሚቆረቁር አንድ የአጥንት መስመር አለ፤ በግራና በቀኙ ቢላዋ አስገብቶ ቀጭን ዘለላ ማውጣት ነው። ከሆዱ በኩል ያለው ጥቁር ስስ ሽፋንም ይነሳ።

የጭቃ ጭቃ የሚል ጣዕም ያለው ዓሣ ሲገጥም ምክንያቱ ያለመታጠብ አይደለም። ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን የሚሠሩት ንጥረ ነገር ነው፤ ቆዳውና ቅባት ያለበት ጥቁር ሥጋ ላይ ይበዛል። ቆዳውን ማንሳት ግማሹን ይፈታል፤ ቀሪውን አሲድ ያለዝበዋል። በ1 ሎሚ ጭማቂ ታሽቶ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከሩብ ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። ሎሚው ሥጋውን እሳት ሳይነካው ያነጣዋል፣ መጥበሻ ላይ ሲወጣም ይፈረካከሳል። ጥሬ ፓፓያና ጥሬ አናናስ ላይ ዓሣ መዘፍዘፍ ከዚህም የባሰ ነው። ሁለቱም ሥጋ የሚፈጭ ነገር ስላላቸው ላዩን ሙልሙል ያደርጉታል። ፍራፍሬ ከዓሣ ጋር የሚገናኘው ተቀቅሎ ነው።

ረቡዕ፦ ሶሱ ለብቻው

ብዙ ሰው ዓሣውን ማርና ብርቱካን ቀብቶ መጥበሻ ላይ ይጥለዋል። ሲወጣ ውጪው ጥቁር፣ ውስጡ ገና ጥሬ ነው። ብርቱካንም ማርም ውስጥ የፍራፍሬ ስኳር አለ፤ ይህ ዓይነቱ ስኳር 110 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መቅላት ይጀምራል። ዘይት የጋለበት መጥበሻ 180 ያልፋል። ውሃ እስካለበት ድረስ ሶሱ አያርርም፣ ውሃው ከ100 ስለማያልፍ። ውሃው ባለቀበት ቅጽበት ግን ሙቀቱ ይዘልና ከወርቃማ ወደ ጥቁር የሚወስደው ግማሽ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሶሱ ለብቻው በውሃው እየተንተከተከ ይወፍራል፤ ዓሣው ለብቻው በዘይት ይጠበሳል።

ለስምንት ቁራጭ የሚበቃ፦

ከ4 መካከለኛ ብርቱካን የወጣ ጭማቂ (300 ሚሊ ሊትር ገደማ)
ማር 2 የሾርባ ማንኪያ
ዝንጅብል ተፈቅፍቆ 1 የሻይ ማንኪያ
ነጭ ሽንኩርት 2 ፍሬ፣ በስሱ የተከተፈ
ቃሪያ 1፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ፍሬው የወጣ
ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ
የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ
ከ1 ብርቱካን ላይ የተፈቀፈቀ ልጣጭ

ብርቱካኑ በቀለም አይመረጥ። ቆላ የበቀለ ብርቱካን ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ውስጡ በስሎም ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እጅ ላይ ሲነሳ ከመጠኑ በላይ የከበደው ነው ጭማቂ ያለው። ከመርሳና ከጊራና ወገን የሚመጣው ጭማቂው ሙሉ ነው። ከመጭመቃችሁ በፊት ልጣጩን ፈቅፍቁ፣ ከተጨመቀ በኋላ አይያዝም። ቀለም ያለው ላዩ ብቻ ይፈቅፈቅ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ መራራ ነው። ጭማቂውንም ልጣጩ እስኪገለበጥ ድረስ አትጭመቁት፤ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ምሬት ይዘው ነው የሚወጡት።

ድስቱ ሰፊና የማይዝግ ይሁን፣ የሸክላ ድስትም ይሆናል። ብረት መጥበሻ ላይ ብርቱካን ረጅም ጊዜ ከፈላ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ጠባብ ድስት ደግሞ ሶሱ የሚወፍርበትን 12 ደቂቃ 25 ያደርገዋል፣ እንፋሎት የሚወጣው ከላይኛው ገጽ ነውና። ብርቱካን ብዙ በፈላ ቁጥር ምሬቱ እየተሰማ ስለሚሄድ ሰፊ ድስት ለጊዜው ብቻ ሳይሆን ለጣዕሙም ነው።

መጀመሪያ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ላይ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሽታቸው እስኪወጣ ብቻ ይነካኩ። ጭማቂው በወንፊት ተጠልሎ ይግባ፣ ቃሪያው ይከተል። እሳቱ ከፍ ይበል። ከላይ የሚመጣው አረፋ በማንኪያ ይገፈፍ፤ ካልተገፈፈ ሶሱ ደፍርሶ ይቀራል፣ አያብለጨልጭም። ጭማቂው በግማሽ ሲቀንስ ማርና ጨው ጨምሩ። የላስታ ነጭ ማር ካለ ቀለሙ ንጹሕ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል፤ ቀይ ማር ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙ ግን ወፈር ያለ ነው። ለዓሣ ነጩን እንመርጣለን።

ከዚህ በኋላ ዓይን ከድስቱ አይነሳም። መጀመሪያ ላይ አረፋው ትንንሽና ፈጣን ነው፣ ድምፁም ሿ ይላል። እየወፈረ ሲሄድ አረፋው ይተልቃል፣ ይዘገያል፣ እየፈነዳ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ ማማሰያው ሲያልፍበትም የድስቱ ሥር ለአፍታ ይታያል። አሁን ከእሳት አውርዱት። አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በጣት መስመር ስትስሉበት መስመሩ ሳይገናኝ ከቀረ ደርሷል። 300 ሚሊ ሊትር የነበረው 100 ገደማ ሆኗል ማለት ነው። የሎሚው ጭማቂና የተፈቀፈቀው ልጣጭ የሚገቡት አሁን፣ ከወረደ በኋላ ነው፤ ሽታቸው እሳት ላይ ይተናል።

ሶሱ ሲበርድ ሙጫ ከሆነ ቀድሞ መውረድ ነበረበት ማለት ነው። አብሽሩ፣ አይደፋም። 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ይመለሳል። ውሃ ውሃ ካለ ደግሞ ዱቄት አትጨምሩ፤ ዱቄት ብርሃኑን ያደበዝዘዋል። መልሶ ሦስት ደቂቃ መጣድ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ይደፋ፤ ምሬቱ በማር አይሸነፍም።

በርበሬ ይግባ የሚል ይኖራል። በዚህ ሶስ ላይ በርበሬ ብርቱካኑን ይውጠዋል፣ መልኩንም ያደፈርሰዋል ብለን እናምናለን። ቃጠሎ የፈለገ ከቃሪያው ፍሬውን አያውጣ፤ ወይም መጨረሻ ላይ ሚጥሚጣ በሁለት ጣት ይነስንስ።

ሐሙስ፦ መጥበሻው

ፊሌቶው ከመጠበሱ 10 ደቂቃ በፊት በ1 የሻይ ማንኪያ ጨውና በጥቂት ቁንዶ በርበሬ በሁለቱም ጎኑ ይነስነስ። ጨው ውሃ ያስወጣል፤ ያ ውሃ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ሙልጭ ብሎ ይወገድ። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚናቅ ግን ሁሉን የሚወስን እርምጃ ይህ ነው። እርጥብ ዓሣ መጥበሻ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የላዩ ውሃ መትነን አለበት፤ እስኪያልቅ ድረስ ዓሣው ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፣ ላዩም ለስላሳ ስለሚሆን ሶሱ ሳይያዝ ተንሸራቶ ሥር ይሰበሰባል።

3 የሾርባ ማንኪያ ፎርኖ ዱቄት ሳህን ላይ ዘርጉ፣ ፊሌቶውን በሁለቱም በኩል ነካ አድርጋችሁ አራግፉ። የሚቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ቀሪውን እርጥበት ይይዛል፣ ላዩን ሸካራ ያደርገዋል፣ ሶሱም የሚጨብጠው ነገር ያገኛል። ዱቄት ቀብቶ ማስቀመጥ አይሆንም፤ አምስት ደቂቃ ከቆየ ሊጥ ይሆናል።

መጥበሻው ባዶውን ይጋል፣ ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ቁንጥር ዱቄት ሲጣልበት ወዲያው ጢስ ሳይኖረው ቸስ ካለ ደርሷል። አራት ቁራጭ ብቻ ይግባ፤ ስምንቱ አንድ ላይ ከገቡ መጥበሻው ይበርዳል፣ ውሃ ይለቃሉ። የጭራው ጫፍ ስስ ስለሆነ ወደ ሥር እጥፍ ይደረግ፤ ካልታጠፈ መሃሉ ሳይደርስ ጫፉ ይደርቃል።

አሁን እጅ መሰብሰብ ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አይነካ። መጀመሪያ ሥጋው ብረቱን ይይዛል፤ ቅርፊት ሲሠራ ራሱ ይለቃል። ሰፊ መገልበጫ ከሥሩ ሲገባ የሚጎተት ከሆነ ጊዜው አልደረሰም። ከጎኑ ሲታይ ብርሃን የሚያሳልፈው ጥሬ ሥጋ ከሥር ወደ ላይ እየነጣ ይመጣል፤ ንጣቱ ከግማሽ ሲያልፍ ይገልበጥ። በሌላው ጎን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ሳህን ላይ ይውጣ፣ ቀሪዎቹ አራቱ ይግቡ።

ከፍታው ሩዙን ሲያዘገይ ዓሣውን ለምን አያዘገይም የሚል ይኖራል። ዘይት እንደ ውሃ አይፈላምና ደሴም ይሁን ባቲ መጥበሻው ያው ይግላል፣ የጥብሱ ደቂቃ አይለወጥም።

ሁሉም ሲያልቅ የተረፈው ዘይት ይደፋ፤ መጥበሻው በጨርቅ ይጠረግ፣ ሥሩ ላይ የቀረው ጥቁር ዱቄት ሶሱን ያመርረዋል። እሳቱ ዝቅ ይበል። ሶሱን አፍስሱ፤ ጠርዙ መንተክተክ ሲጀምር ስምንቱንም ቁራጭ መልሱ፣ ትንሽ ቢደራረቡ ምንም አይደለም። መጥበሻውን ጋደል አድርጋችሁ ሶሱን በማንኪያ ከሥር እየቀዳችሁ ላያቸው ላይ አፍስሱ። በየማንኪያው ሽፋኑ ይወፍራል፣ የደበዘዘው ዱቄት ቀለሙን ይዞ ማብለጭለጭ ይጀምራል። ይህ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። አይገለበጥ፣ ይሰበራል። በሹካ ጫፍ ሲነካ ሥጋው በንጣፍ በንጣፍ ከተለየ በስሏል። ነጭ ጠብታ ከጎኑ እየወጣ ከታየ ከመጠን አልፎ እየደረቀ ነው፤ ቶሎ ይውረድ።

ዓርብ፦ ሌላ ፍሬ፣ ሌላ እሳት

ብርቱካን በማይገኝበት ወቅት ማንጎ። 2 የበሰለ ማንጎ ተልጦ ይፈጭ፣ በወንፊት ይለፍ፣ 1 ብርጭቆ ውሃና 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይግባበት። ማር 1 ማንኪያ ይበቃል፤ ማንጎው ራሱ ጣፋጭ ነው። ወፍራም ስለሆነ 6 ደቂቃ ከፈላ ይደርሳል፣ ነገር ግን እየተፈናጠረ እጅ ያቃጥላል፤ ክዳን ጋደል ይደረግበት። እንደ ብርቱካኑ አያብለጨልጭም። ለአምባዛ ግን ከብርቱካን ይበልጣል፣ ቅባቱን ይመክታል። አምባዛው 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ቁራጭ ይቆረጥና በየጎኑ 3 ደቂቃ ይጠበስ። ከማንጎ ጋር ሲሆን ግማሽ የሻይ ማንኪያ አዋዜም ይስማማል።

ፓፓያ ተሞክሯል። ሲቀቀል ሽታው ደስ አይልም፣ ሎሚና ዝንጅብል ካልበዛበት ጣዕሙ ይለዝባል። አንመክረውም።

ከሰል ላይ ሲሆን ቅደም ተከተሉ ያው ነው፣ እሳቱን መግራት ግን ሌላ ሥራ ነው። ለሩዙ ዝቅተኛ እሳት የሚገኘው ፍሙን ወደ ዳር በትኖ ላዩ ላይ አመድ በመነስነስ ነው። ሩዙ ሲወርድ አመዱ ይራገፍ፣ አዲስ ከሰል ይጨመርና ሶሱ ይጣድ፤ ሶሱ እስኪወፍር አዲሱ ከሰል ተያይዞ ለዓሣው የሚሆን ብርቱ ፍም ይሆናል። ሶሱና ዓሣው የሚገናኙበት ደቂቃ ላይ መጥበሻው ከፍሙ ወደ ዳር ይሳብ። ከሰል ወዲያው ዝቅ አይልምና አብዛኛው ማረር የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ከሰል ሲነድ በርና መስኮት ክፍት ይሁን።

ቅዳሜ፦ ሁሉም በአንድ ላይ፣ በሰዓት

12፡15 ሩዙ ታጥቦ ይዘፈዘፋል። በዚህ መካከል ልጣጩ ይፈቀፈቃል፣ ብርቱካኑ ይጨመቃል፣ ሽንኩርቱ ይከተፋል።
12፡35 ሩዙ ይጠነፍፋል፣ ይጣዳል። የሚገባው ውሃ ቀድሞ ፈልቶ በፔርሙስ የተያዘው ነው።
12፡42 ይፈላል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ ይከደናል። ዓሣው ታጥቦ ይደርቃል፤ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ለሰላጣ ይከተፋል።
1፡02 ሩዙ ይወርዳል፣ በጋቢ ይጠቀለላል። ሰፊው ድስት ለሶሱ ይጣዳል። ዓሣው ጨው ይነስነስበታል።
1፡14 ሶሱ ይወርዳል፣ ሎሚና ልጣጭ ይገባበታል። መጥበሻው ይጣዳል፣ ዓሣው እንደገና ይደርቃል፣ ዱቄት ይነካል።
1፡17 የመጀመሪያዎቹ አራት።
1፡21 ቀጣዮቹ አራት።
1፡25 መጥበሻው ይጠረጋል፣ ሶሱ ይፈስሳል፣ ዓሣው ይመለሳል።
1፡27 እሳቱ ይጠፋል። የሩዙ ድስት ይከፈታል፣ በሹካ ብቻ ይበተናል።

ሲቀርብ ሩዙ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ዓሣው በላዩ ይደረደራል፤ መጥበሻው ላይ የቀረው ሶስ በዓሣው ላይ እንጂ በሩዙ ላይ አይፈስስ፣ ሩዙን ያረጥበዋልና። ሰላጣው በሎሚና በጨው ብቻ ይታሽ፤ ጣፋጩን ሚዛን የሚያስይዘው እሱ ነው። ማዕዱ ከተዘጋጀ በኋላ አይጠበቅ፣ ወዲያው ይቅረብ። አሥር ደቂቃ የቆየ ሶስ ይጠጣና ብርሃኑ ይጠፋል።

በሳምንቱ መካከል ጊዜ ላጠረው ሶሱን እሑድ እጥፍ አድርጎ መሥራት ይቻላል። በንጹሕ ማሰሮ ክዳኑ ተዘግቶ ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል፤ ሎሚውና ልጣጩ ግን ሳይገቡ ይቀመጥ፣ በሚሞቅበት ቀን ይጨመሩ። የተረፈ ሩዝ ድስቱ ውስጥ አይደር። ውስጡ ያለ ተሕዋስ እሳቱን ተቋቁሞ ሙቅ ሩዝ ላይ ሊራባ ይችላል፣ ሲሞቅም መርዙ አይጠፋም። ሰፊ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይብረድ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይበላ። የተረፈው ዓሣ መልሶ አይጠበስም። ተፈርፍሮ ከቀዝቃዛው ሩዝ፣ ከተከተፈ ቃሪያና ከጥቂት ሎሚ ጋር ለምሳ ይሆናል።